ቀረጥ ነፃ ለማን? የማሽን ግብር ቅናሽ መብት ነው ወይስ ችሮታ?

ከጄኔቫ፣ ስዊዘርላንድ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»

ስለ ሀገራችን ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ምርጫ፣ ስለ እስርና ስለ ሕገ መንግሥት ነው። ተገቢም ነው። ዛሬ ግን ውድ አንባቢያንን ማንም ወደማይጮኽለት አንድ ጉዳይ ልወስዳችሁ እፈልጋለሁ። አንድ ወጣት አነስተኛ ድርጅት ሲያቋቁም ለሚገዛው ማሽን መንግሥት ግብሩን እንዴት ያስብለታል? «ይህ የሂሳብ ሠራተኛ እንጂ የፖለቲካ ጉዳይ ነው ወይ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አዎን፣ የፖለቲካ ጉዳይ ነው የሚል ነው። ዜጋ መብቱን በሕግ የሚያገኝበት ሀገርና በባለሥልጣን ደብዳቤ የሚያገኝበት ሀገር የሚለዩት ከምርጫ ኮሮጆ በፊት እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነው።

ነገሩን በሁለት ቡና መቁያ ማሽኖች ላስረዳ። አንደኛው እዚህ ጄኔቫ ነው፤ ሁለተኛው ባሕር ዳር መሆን ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ወጣት ወገናችን ካሩዥ በሚባለው የጄኔቫ ሰፈር የይርጋ ጨፌንና የሲዳማን ቡና ቆልቶ ለመሸጥ ተነሳ። ዕድሜዬን ሙሉ ከማሽን ጋር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ማሽኑን እንድመርጥለት ጠየቀኝ። ታክሱን ሳይጨምር 40,000 ፍራንክ የሚያወጣ የጀርመን ሥሪት መረጥን። ልጁ የባንክ ብድርና ከዘመድ የተሰበሰበ ገንዘብ እንጂ ሌላ ሀብት አልነበረውም። በግል ስም የሚቋቋም ድርጅት እዚህ ሀገር ዝቅተኛ ካፒታል አይጠየቅበትም። ዓመታዊ ሽያጩ 100,000 ፍራንክ ያልደረሰ ነጋዴም ለተጨማሪ እሴት ታክስ የመመዝገብ ግዴታ የለበትም። ነገር ግን በፈቃዱ መመዝገብ ይችላል። ልጁ የተመዘገበው ማሽን ስለገዛ ነው። ምክንያቱን በቁጥር እንየው።

ለማሽኑ 8.1 በመቶ ማለትም 3,240 ፍራንክ ታክስ ከፈለ። ቡና የምግብ ሸቀጥ ስለሆነ ሲሸጥ የሚሰበስበው ታክስ 2.6 በመቶ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት የ20,000 ፍራንክ ቡና ሸጠ፤ ከገዢዎቹ የሰበሰበው ታክስ 520 ፍራንክ ሆነ። ሌላውን ወጪውን ትተን የማሽኑን ብቻ ብናስብ መንግሥት 2,720 ፍራንክ ተመላሽ ዕዳ አለበት ማለት ነው። ልጁ ቅጹን ሞልቶ ላከ፤ ገንዘቡ ወደ ሂሳቡ ገባ። አለቀ! የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ማስታወቂያው ከደረሰው በኋላ 60 ቀን ካሳለፈ ከ61ኛው ቀን ጀምሮ ለነጋዴው ወለድ እንዲከፍል ሕጉ ያስገድደዋል። ልብ በሉልኝ፣ ወለድ የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ የሚከፈለው ደግሞ በስደት መጥቶ ቡና የሚቆላ የሐበሻ ልጅ ነው።

ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ከትርፍ ግብር የሚቀነሰው ነው። በፌዴራሉ መመሪያ መሠረት ለማምረቻ የሚውል ማሽን በየዓመቱ ከቀሪው የመዝገብ ዋጋ 30 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል፤ ለኮምፒዩተር 40 በመቶ ነው። ካንቶኖችም የየራሳቸውን ይጨምሩበታል፤ ለምሳሌ ዙሪክ ከዚህም በፈጠነ መጠን መቀነስን ይፈቅዳል። ጀማሪው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢከስር ኪሳራውን ለሰባት ዓመት ወደፊት ማሻገር ይችላል። ሦስተኛው ቀረጥ ነው። ስዊዘርላንድ ከጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንዱስትሪ ዕቃዎች ላይ የነበረውን የገቢ ቀረጥ ለሁሉም ሰው አንስታለች። ከየትም ይምጣ፣ ማንም ያስመጣው፣ የማሽን ቀረጥ ዜሮ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁን «የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ? የፕሮጀክት ጥናትህ የታለ? የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሃል?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የተጠየቀው ደረሰኝ ብቻ ነው። የጠቅላላው ጽሑፌ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፦ እዚህ ሀገር ቅናሹ የሚሰጠው ለማሽኑ ነው፤ እኛ ሀገር የሚሰጠው ለሰውዬው ነው።

አሁን ወደ ባሕር ዳር እንሂድ። የእህቴ ልጅ የዘጌን ቡና በምጣድ እየቆላች፣ እየፈጨችና እያሸገች ለሱቆች ታቀርብ ነበር። ንግድ ፈቃድ አላት፤ ግብሯንም ትከፍላለች። በ2016 ዓ.ም. የጄኔቫውን ልጅ ታሪክ ነገርኳትና «ጋሼ፣ እኔስ ለምን አልገዛም?» አለችኝ። አነስ ያለ መቁያ አገኘን፤ ዋጋው 12,000 ዶላር ነበር። በዚያን ጊዜ በባንክ ምንዛሪ ወደ 690,000 ብር ገደማ ማለት ነው። ቀረጥና ታክሱን ጨምራ መክፈል አቅሟ አልፈቀደም። ስለዚህ «ለካፒታል ዕቃ ቀረጥ ነፃ መብት አለ» የተባለውን ሰምታ ልትጠይቅ ሄደች።

መብቱ በእርግጥ አለ። በኢንቨስትመንት ሕጎቻችን ውስጥ ለዓመታት ተጽፎ ኖሯል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 270 ባለሀብቱ የካፒታል ዕቃዎችን፣ ከዕቃው ዋጋም እስከ 15 በመቶ የሚደርስ መለዋወጫ ከቀረጥ ነፃ እንዲያስገባ ፈቅዷል። አዋጅ ቁጥር 1180/2012ም ማበረታቻውን በደንብ እንዲወሰን አድርጎ ቀጥሎበታል። ታዲያ ይህ መብት የሚገኘው በኢንቨስትመንት ፈቃድ፣ በጸደቀ የዕቃ ዝርዝርና በደብዳቤ ነው። የእህቴ ልጅ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመላለሰች። አንዱ «የፕሮጀክት ጥናት አምጪ» ይላል፤ ሌላው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላል፤ ሦስተኛው «አንቺ ነጋዴ እንጂ ኢንቨስተር አይደለሽም» አላት። ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለው ቢሮ አንድ ብቻ ቢሆንማ ስሙን መጥራት ይጠቅም ነበር።

በመጨረሻ ደብዳቤው ተገኘ። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት ብርን በገበያ እንዲተመን ለቀቀው፤ በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። 690,000 ብር የነበረው ማሽን ከ1.2 ሚሊዮን ብር በላይ ሆኖ ቁጭ አለ። ደብዳቤው ሲመጣ ማሽኑ ሄደ። ዛሬም የእህቴ ልጅ ቡናዋን በምጣድ ትቆላለች። ቀረጥ ነፃ ደብዳቤው መሳቢያዋ ውስጥ አለ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው!

«ማሽኑን ብትገዛው ኖሮ ከዓመታዊ ግብሯ ይቀነስላት ነበር» የሚል ካለ ደግሞ ተሳስቷል። እኛ ሀገር አነስተኛው ነጋዴ ግብር የሚከፍለው በትርፉ ላይ ሳይሆን በሽያጩ ወይም በግምት ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በአምቦ፣ በወሊሶ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሱቆች የተዘጉት የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች በወረደባቸው ግምት ተማርረው እንደነበር የምናስታውሰው ነው። ስምንት ዓመት ቆይቶ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደረጃዎቹን ወደ ሁለት አጠፋቸው፤ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነውን ግን ያው በሽያጩ ልክ ያስከፍለዋል። ከዚያ በላይ ላለውም ቢሆን ግብሩ ከሽያጩ 2.5 በመቶ በታች እንዳይወርድ ወለል ተበጅቶለታል።

አሁን ይህንን እንደ መሐንዲስ እንየው። በሽያጭ ላይ የሚጣል ግብር ማሽን የሚባል ነገር አያውቅም። ማሽን የገዛችውና ያልገዛችው፣ ተበድራ የሠራችውና ሻጭ ብቻ የሆነችው እኩል ይከፍላሉ። የአንዷ ትርፍ በማሽን ዕዳ ተበልቷል፤ የሌላዋ ኪስ ውስጥ ነው። የግብሩ ቅጽ ግን ልዩነታቸውን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። እንዲህ ያለ ግብር ለወጣቱ የሚነግረው አንድ ነገር ነው፦ «አታምርት፤ ገዝተህ ሽጥ።» ከዚያ በኋላ «ወጣቱ ሁሉ ደላላ ሆነ» ብሎ ማማረር ምን ይባላል?

የሂሳብ መዝገብ ይዞ በትርፉ የሚከፍለውስ? ለእሱ በገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት በቀሪው የመዝገብ ዋጋ ላይ የሚሰላው የተራ ማሽን የእርጅና ቅናሽ 20 በመቶ ነው። የአንድ ሚሊዮን ብር ማሽን በመጀመሪያው ዓመት 200,000፣ በሁለተኛው 160,000፣ በሦስተኛው 128,000 ብር ይቀነስለታል። ከሦስት ዓመት በኋላ ገና 512,000 ብር አልተቀነሰም። በስዊሱ 30 በመቶ ቢሆን ኖሮ የሚቀረው 343,000 ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ስዊዘርላንድ የዋጋ ንረት የማያሰቃያት ሀገር ናት፤ የእኛ ግን በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ዛሬ የማይቀነስልህ ብር ከሦስት ዓመት በኋላ ሲቀነስልህ ግማሹ ሟምቷል። በ57 ብር ዶላር የተገዛ ማሽን ደግሞ የእርጅና ቅናሹ ሁልጊዜም በዚያው በአሮጌው ዋጋ ይታሰባል፤ ማሽኑ ሲያረጅ የሚተካው ግን በአዲሱ ዶላር ነው። ስለዚህ መንግሥት «ትርፍ» ብሎ ግብር የሚወስድበት ገንዘብ በእውነቱ የማሽኑ ሥጋና አጥንት ነው። ኪሳራውንም ቢሆን አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለአምስት ዓመት እንዲሻገር ፈቅዶ ሲያበቃ የሁለት ዓመት ኪሳራ ብቻ ብሎ ገድቦታል።

ተጨማሪ እሴት ታክሱም እንደዚሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ዘመን በዋነኛነት ላኪ ያልሆነ ነጋዴ ከሰበሰበው በላይ በግዢ የከፈለው ታክስ ሲኖር ለአምስት ወር ወደፊት እያሻገረ ይጠብቅና ከዚያ በኋላ ነበር ተመላሽ የሚጠይቀው። ያልተመዘገበው ትንሽ ነጋዴማ ለማሽኑ የከፈለው 15 በመቶ ቀልጦ ይቀራል፤ ለእሱ ታክሱ የማሽኑ ዋጋ አካል ነው።

ለመሆኑ ይህ ለምን ሆነ? «መንግሥት ድሃ ስለሆነ ገቢ ያስፈልገዋል» የሚለውን መልስ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ክርክሩን አልንቀውም፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ያለ ግብር አይሠራም። ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ የእርጅና ቅናሽን ማፍጠን ምሕረት አይደለም፤ የጊዜ ጉዳይ ነው። ዛሬ የተቀነሰው ነገ አይቀነስም፤ መንግሥት ገንዘቡን ዘግይቶ ያገኘዋል እንጂ አያጣውም። ሁለተኛ፣ ለትልልቆቹ መቼ ተሰስቶ ያውቃል? ለዓመታት የግብር እፎይታ፣ ቀረጥ ነፃ ተሽከርካሪ፣ ተገንብቶ የተዘጋጀ የኢንዱስትሪ ሼድ ሲታደል ኖሯል። ለትልቁ ሲሰጥ «ማበረታቻ» ይባላል፤ ለትንሹ ሲጠየቅ «የገቢ ጉድለት» ይሆናል! የግብር እፎይታው ራሱ ጀማሪን የሚረዳ አይደለም፤ ገና ያላተረፈ ሰው ከምኑ ነው እፎይ የሚለው?

በኢሕአዴግ ዘመን ያየነውን አንርሳ። በ2002 ዓ.ም. ሜቴክ ሲቋቋም «የኢንዱስትሪ አብዮት» ተብሎ ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው መግለጫ ተቋሙ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ሀገር ሰማ። ለመንግሥት ግዙፍ ድርጅት ያለ ጨረታ፣ ለባሕር ዳሯ ልጅ ግን ለ12,000 ዶላር ማሽን የደብዳቤ መዓት! ብልጽግና ደግሞ በ2014 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ታምርት» የሚል ንቅናቄ አውጆልናል። መልካም መፈክር ነው። በምን ታምርት? በምጣድ?

እዚህ ላይ ወደ ዙሪክ ልመልሳችሁ። አፄ ምኒልክን በመሐንዲስነትና በአማካሪነት ያገለገለው አልፍሬድ ኢልግ የተማረው ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ነው፤ እኔም ከብዙ ዘመን በኋላ የዶክትሬት ትምህርቴን የጨረስኩት እዚያው ነው። ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 አንኮበር ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1894 የባቡር መንገዱን ውል ከንጉሡ ተቀበለ፤ እ.ኤ.አ. በ1916 ዙሪክ ውስጥ አረፈ። በዚያ ዘመን አንድ ማሽን ኢትዮጵያ የሚገባው በንጉሥ ቃልና ማኅተም ነበር። ምኒልክን አልወቅስም፤ ያን ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ እንዲያውም ማሽን የሚወዱ ንጉሥ በማግኘታችን ዕድለኞች ነበርን። የሚያሳዝነው ከ130 ዓመት በኋላ፣ ንጉሥም ደርግም ኢሕአዴግም አልፈው፣ ማሽን ዛሬም የሚገባው በማኅተም መሆኑ ነው። ማኅተሙ እጅ ቀየረ እንጂ ሥርዓቱ አልተቀየረም።

ማኅተም ለምን እንደሚወደድ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በሕግ የተሰጠ ቅናሽ ለማንም ካድሬ ምስጋና አያስገኝም። በደብዳቤ የተሰጠ ግን ባለ ዕዳ ያደርጋል። ደብዳቤውን ያገኘ ነጋዴ በምርጫ ሰሞን መዋጮ ሲጠየቅ እምቢ አይልም፤ ስብሰባ ሲጠራ አይቀርም፤ ያየውን በደልም አይናገርም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የተፈጠረው እንዲህ ላለው ወንበር ነው። ስለዚህ ጥያቄው የፍራንክና የብር ብቻ አይደለም፤ ቀና ብሎ የሚሄድ ዜጋ እንፈልጋለን ወይስ ደጅ ጠኚ የሚል ነው።

ስዊዘርላንድን ገነት አድርጌ እንዳላቀርብ ልጠንቀቅ። ናይጄሪያዊው አምባገነን አባቻ የዘረፈው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የተደበቀው በዚሁ ሀገር ባንኮች ነው፤ ኋላ ተገደው መለሱት። የእኛ ጥሬ ቡናም በጄኔቫ ነጋዴዎች ጠረጴዛ ላይ ተሸጦ፣ እዚህ ተቆልቶ፣ በትንሽ ካፕሱል ታሽጎ በብዙ እጥፍ ዋጋ ሲወጣ በየቀኑ አያለሁ። ነገር ግን የሚቆጨኝ እነሱ መቁላታቸው አይደለም። እነሱ ለመቁያው ማሽን መንገዱን ሲጠርጉ እኛ በራሳችን ልጆች ላይ መዝጋታችን ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚባለው፣ የቡናን ልጅ መቁያ ጠማው።

ወቀሳ ብቻ ጽፎ መሄድ የመሐንዲስ ወግ አይደለምና መፍትሔ የምለውን በአጭሩ ላስቀምጥ።

1. ቀረጥ ነፃነቱ ለዕቃው እንጂ ለሰውዬው አይሁን። የማምረቻ ማሽኖች በታሪፍ መጽሐፉ ላይ በስማቸው ዜሮ ይደረጉ፤ ጉምሩክ ማሽኑን እንጂ ደብዳቤ አይጠይቅ።

2. አነስተኛ ነጋዴ የሂሳብ መዝገብ ይዞ በትርፉ መክፈልን እንደ መብት ይምረጥ፤ የመጀመሪያ ማሽኑን ሙሉ ዋጋ በገዛበት ዓመት ይቀንስ፤ ያልተቀነሰውም እስኪያልቅ ድረስ ይሻገርለት። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ እንግሊዝ እስከ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ለሚደርስ የማሽን ግዢ በገዛበት ዓመት ሙሉውን መቀነስ ትፈቅዳለች።

3. ለማሽን የተከፈለ ተጨማሪ እሴት ታክስ በተቆረጠ ቀን ይመለስ፤ ቀኑ ካለፈ መንግሥት ወለድ ይክፈል፤ ወለዱም ሳይለመን ራሱ ይታሰብ።

4. ብር በወደቀ ቁጥር የማሽኖች የመዝገብ ዋጋ እንዲስተካከል ሕጉ ይፍቀድ።

በመጨረሻ ለእኛ ለተቃዋሚዎችም አንድ ቃል አለኝ። በየፕሮግራማችን «ለግሉ ዘርፍ ምቹ ሁኔታ እንፈጥራለን» እያልን ስንጽፍ ኖረናል። የትኛው አንቀጽ ይሰረዛል፣ የትኛው ይጻፋል ብሎ የሚጠይቀን ግን መልስ አያገኝም። ነገ ሥልጣን ቢገኝ ያንኑ ማኅተም ወስደን ለራሳችን ሰዎች ደብዳቤ የምንጽፍ ከሆነ ትግላችን ለወንበር ነበር ማለት ነው። ከዚህ በኋላ አንድ የፓርቲ መሪ በስብሰባ ስታገኙ ስለ ርዕዮተ ዓለሙ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህንን ጠይቁልኝ፦ «ባሕር ዳር ላይ ቡና የምትቆላ አንዲት ልጅ ማሽን ለመግዛት ስንት ደብዳቤ ያስፈልጋታል?» ትክክለኛው መልስ «አንድም» ነው።

እግዚአብሔር ኢትዮጵያን ይባርክ!